አዲሱ የፎቶግራፍ ማንሻና የጊች ቤት



በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ በሻይ ሰዓት ከሚደረገው ጭውውት መካከል፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ከሚወራው ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የአዳዲስ መሣሪያዎች ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ። እኔም ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ከነዚህ መሣሪያዎች ስለ አንደኛው፣ ይኸውም የርቀት መለኪያ ስላለው ዲጂታል የፎቶግራፍ ማንሻ ነው። የዚህ መሣሪያ አዲስ ዓይነት በወጣ ቍጥር ወዳጆቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ገሚሱ «ከዚህ የበለጠ ከቶ ምን ሊመጣ ነው?» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «የቀድሞው ይሻል ነበር» እያለ ይከራከራል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከመሣሪያው ይልቅ ገንዘባችንን በምን ላይ እንደምናውልና ፎቶግራፍን ለምን እንደምናነሣ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ብትሰጡኝ የምትጐዱ አይመስለኝም።

ለንግግሬ ምክንያት የሆነኝ አንድ ወዳጄ ነው። ይህ ሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቈየ፣ በዕረፍቱም ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣትን የሚወድ ነው። የእቍብ ገንዘብ በደረሰው ጊዜ፣ በባንክ ያጠራቀመውን ጨምሮ ይህን መሣሪያ በውጭ አገር ባለ ዘመዱ በኩል ሊያስገዛ አሰበና ምክር ጠየቀኝ። የእቍቡም ገንዘብ አስቀድሞ የታሰበው ለቤቱ ጣራ ማደሻ እንደ ነበረ አልሸሸገኝም። ለእርሱ የመለስሁለትን መልስ ለእናንተም በተራ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከደባርቅ ተነሥታችሁ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጊች የወጣችሁ እንደ ሆነ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያም አልፎ እሜት ጎጎ የሚባለው ገደል አፋፍ 3,926 ሜትር ከፍታ አለው። እዚያ ላይ ቁሙና አንድ ጅብራ በአጠገባችሁ፣ ከበስተኋላውም ሩቅ ተራራ እንዲታያችሁ አድርጉ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በግራው፣ ቀጥሎም ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ ተመልከቱ። ጅብራው በተራራው ፊት ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስላል። ወደ እናንተ በቀረበ መጠን ዝላዩ ይበዛል፤ በራቀ መጠን ያንሳል። ስለዚህ የዝላዩን መጠን የለካ ሰው ርቀቱን ለካ ማለት ነው።

የርቀት መለኪያውም ሥራ ይኸው ነው። በመሣሪያው ግንባር ላይ ሁለት መስኮቶች ተራርቀው ይገኛሉ። በአንዱ የገባው ምስል በመስተዋት ተመልሶ በሌላው ምስል ላይ ይደረባል። ፎቶግራፍ አንሺው የሌንሱን ቀለበት ሲያዞር ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፤ ገጥመው አንድ በሆኑ ጊዜ ሌንሱ በትክክል በዚያ ነገር ላይ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የሰውየው ዓይንና ጣት ነው።

የዚህ ዓይነት መሣሪያ ታሪኩ ረዥም ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ በቬትስላር ከተማ የሲኒማ ፊልም የሚጐርስ ትንሽ የፎቶግራፍ ማንሻ በ1914 ሠርቶ ነበር። ይህም በ1925 ላይካ ተብሎ ለሽያጭ ወጣ። በ1932 ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ተጨመረለት፤ በ1954 ደግሞ ኤም 3 የተባለው ዓይነት ተሠራ። እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠሩት የኤም ዓይነቶች መልካቸውን የወረሱት ከዚሁ ነው።

ፊልም ቀርቶ ዲጂታል በመጣ ጊዜ በዚህ መንገድ የቀደመው የጃፓኑ ኤፕሰን ነው። በ2004 ያወጣው አር ዲ 1 የተባለው መሣሪያ 6 ሚሊዮን ያህል የምስል ነጥብ ነበረው። ፊልም የሌለው መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ለያንዳንዱ ፎቶግራፍ በአውራ ጣት የሚሳብ ማንሻ ተደርጎለት ነበር። አንዳንዱ ሰው በዚህ ሳቀ፤ አንዳንዱ ግን ማንሻው ከማንሣቱ በፊት ለአንድ አፍታ እንዲያስብ ስለሚያደርገው አመሰገነው።

ላይካ በ2006 ኤም 8ን ሲያወጣ የነጥቡ ቍጥር ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ አለ። ወዳጆቹም በደስታ ተቀበሉት። ነገር ግን ጥቂት ሳይቈይ ሰው ሠራሽ ጥቍር ጨርቅ በፎቶግራፉ ላይ ወይን ጠጅ መስሎ መታየት ጀመረ። ምክንያቱም ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ብርሃን በታች ያለውን ጨረር የሚያግደው መስተዋት እጅግ ስስ ተደርጎ ስለ ተሠራ ነው። መስተዋቱም የሳሳው ከሌንሱ በሰያፍ የሚመጣው ብርሃን በምስሉ ጠርዝ ላይ እንዳይደበዝዝ ታስቦ ነበር። ኩባንያው በኋላ ለገዢዎቹ ሁለት ሁለት ማጣሪያ በነጻ ሰጥቷል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ፤ በመግለጫው ወረቀት ላይ የነጥቡ ቍጥር በትክክል ተጽፎ ነበር፤ የሙሽራው ጥቍር ልብስ ወይን ጠጅ መስሎ እንደሚወጣ የሚናገር ግን ከቶ አልነበረም።

በ2009 ኤም 9 በ18 ሚሊዮን ነጥብ፣ እንደ ድሮው ፊልም 24 በ36 ሚሊሜትር ከሆነ የብርሃን መቀበያ ጋር ወጣ። በ2022 ኤም 11 በ60 ሚሊዮን ነጥብ ተከተለ። የዚህ መሣሪያ ጥቍሩ 530 ግራም ይመዝናል፤ በውስጡ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ አለው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አያነሣም፤ ሌንሱንም በራሱ አያስተካክልም። በአሜሪካ የወጣለት ዋጋ ሌንሱ ሳይጨመር 8,995 ዶላር ነበር። የቀድሞዎቹ ፊልም ለማጕረስ የሚከፈት የታች ክዳን ነበራቸው፤ ዲጂታሎቹም ይህን ወርሰው ነበር። በኤም 11 ክዳኑ በመቅረቱ ገሚሱ «ባትሪ መለወጥ ቀለለን» ሲል፣ ገሚሱ «የአባቶች ወግ ጠፋ» ብሎ አዘነ። በ2025 ደግሞ ኤም ኢቪ 1 የተባለው ዓይነት ርቀት መለኪያውን ጭራሽ አውጥቶ በምትኩ የኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ይዞ ስለ መጣ፣ «ይህ ከቶ ኤም ይባላልን?» የሚል አዲስ ሙግት ተነሣ።

እንግዲህ ወዳጄን ያማለለው 60 ሚሊዮን የሚለው ቍጥር ነበር። እኔም እርሳስና ወረቀት አቅርቤ አብረን አሰብነው። የ2004ቱ መሣሪያ ምስል በወርዱ 3,008 ነጥብ አለው፤ የ2022ቱ 9,528 አለው። ጠቅላላው ነጥብ አሥር እጥፍ ቢያድግም ወርዱ ያደገው ሦስት እጥፍ ከጥቂት ነው። ቀጥለንም አንድ ፎቶግራፍ ባማረ ኅትመት ይወጣ ዘንድ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃዋል ብለን ብናሰላ፣ ለፖስት ካርድ መጠን 2 ሚሊዮን ያህል፣ ለጽሕፈት ቤት ሙሉ ወረቀት ደግሞ ከ9 ሚሊዮን ያነሰ ነጥብ የሚበቃ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ የሚተርፈው ምስሉን ቈርጦ ለማጕላት ወይም ግድግዳ ለሚሸፍን ሥዕል ይጠቅማል። «ግድግዳ የሚሸፍን ሥዕል አሳትመህ ታውቃለህን?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

ደግሞም መሣሪያው ለምን እንደሚመች ማወቅ ይገባል። የርቀት መለኪያ ያለው ማንሻ ትንሽና ድምፁ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በደባርቅና በዳባት ገበያ መካከል ሰው ሳይደነግጥ ለማንሣት ይስማማል። ጭላዳ ዝንጀሮም ሰው በአጠገቡ ቢቀመጥ ሣሩን መንጨቱን አይተውምና ለእርሱም ይሆናል። በሩቅ ገደል ላይ የቆመውን ዋልያ ለማንሣት ግን የዚህ መሣሪያ መመልከቻ ከ135 ሚሊሜትር ለሚበልጥ ሌንስ ክልል ስለ ሌለው አይረዳም። ዋልያን ለሚወድ ሰው ከዚህ በርካሽ የሚገኝ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ወዳጄን፣ «እስከ ዛሬ ያነሣሃቸው ሥዕሎች የት አሉ?» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዳሉ ነገረኝ። ከነዚህም መካከል ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ስሜን በወጣን ጊዜ በጊች መንደር ያነሣቸው ይገኙ ነበር።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 የተቋቋመ፣ በ1978ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ ነበር። ከምክንያቶቹም አንዱ እርሻውና ግጦሹ በዱር አራዊቱ መኖሪያ ላይ መስፋፋቱ ነው። በ2016 የጊች ነዋሪዎች፣ ከ400 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች፣ መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017ም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያና ለጓሳው ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ገብስ ሲዘራበት የኖረ መሬትና ልጆች የተወለዱበት ጐጆ ዳግመኛ ላይታይ መቅረቱንም መርሳት አይገባም።

በእነዚያ ዓመታት በጊች በኩል ያለፈው መንገደኛ ሁሉ፣ የውጭም ሆነ ያገር ሰው፣ ያንን መንደር ሳያነሣ አላለፈም ለማለት ይቻላል። ከተነሣው ውስጥ ለባለ ቤቶቹ የተመለሰው ምን ያህል ይሆን? እኔና ወዳጄም አንዳች እንኳ አልመለስንም ነበርና የምጠይቀው ራሴንም ጭምር ነው።

መንደሩ ከተነሣ በኋላ ወዳጄ ለሥራ ደባርቅ ሄዶ ሳለ፣ አንድ ጐልማሳ በገበያ መካከል አውቆት፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ በራችን ላይ ያነሡን ፎቶግራፍ አለዎት?» ብሎ ጠይቆት ኖሯል። ወዳጄም «እፈልገዋለሁ» ብሎ ተለየው። ይህን ሲነግረኝ ድፍን ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

እኔም፣ «መሣሪያውን ከመግዛትህ በፊት ይህን ዕዳ ክፈል» አልሁት። ኮምፒዩተሩ ተፈልጎ ተከፈተ። ሥዕሉ 6 ሚሊዮን ነጥብ ባለው ርካሽ መሣሪያ የተነሣ ነው፤ በአንድ ወገን ጥቂት ደብዘዝ ብሏል። በጎንደር አሳተምነውና ደባርቅ ድረስ ይዘንለት ሄድን።

ጐልማሳው ተቀብሎ «አልሐምዱሊላህ» አለና ለእናቱ ሰጣቸው። ሴትዮዋ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። እኛ የራሳቸውን መልክ ያያሉ ብለን ስንጠብቅ እርሳቸው በጣታቸው የሚከተሉት የጐጆውን የጓሳ ክዳን፣ ዐጥሩንና በደጁ ያለውን የድንጋይ መቀመጫ ነበር። በመጨረሻም ከሞቱ ባለቤታቸው ላይ ጣታቸውን አኑረው፣ «የዚህ ሰው መልክ ሌላ ቦታ የለኝም» አሉ። ወዳጄ አንገቱን ደፋ። ያን ሥዕል ይዞ የቈየው አሮጌ ኮምፒዩተር በነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ቢበላሽ ኖሮ ምን ይመልስላቸው ነበር?

አንባብያን ሆይ፤ ይህን የምነግራችሁ መልካም መሣሪያ አይገዛ ለማለት አይደለም። የተሻለ መሣሪያ የተሻለ ሥራ ያሠራል፤ ሥራው ፎቶግራፍ የሆነ፣ ዐቅሙም የፈቀደለት ሰው ቢገዛው የሚነቀፍበት ነገር የለም። ቢሆንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ የቦያጅያን ቤተ ሰብ በቤተ መንግሥት ያነሣቸው ሥዕሎች ዛሬ የሚፈለጉት በውስጣቸው ስላሉት ሰዎችና ተጠብቀው ስለ ቈዩ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መግለጫውን ወረቀት ስታነቡ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ሥራችሁ የሚፈልገውን መጠን አስቡ። አዲስ የወጣውን ለመግዛት አትቸኵሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ጕድለቱን እስኪያገኙት ድረስ ጥቂት ወራት መታገሥ አይጐዳም። ካላችሁ ሥዕል ውስጥ የሚበልጠውን አሳትሙ፤ በጀርባው የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፤ አንዱንም ቅጅ በሌላ ሥፍራ አኑሩ። የሰው ደጅ ቆማችሁ ካነሣችሁ ደግሞ ለባለ ቤቱ አንድ ቅጅ ስጡ።

ወዳጄ በእቍቡ ገንዘብ ጣራውን አሳደሰ። ከጊች ሥዕሎቹ ውስጥ የቀሩትንም አሳትሞ፣ የሚያውቃቸው እንደ ተገኘ በስማቸው እንዲጽፍላቸው፣ በመጪው የዕረፍት ጊዜው ወደ ደባርቅ ይዟቸው ሊሄድ አስቧል። መሣሪያውን ከዚያ በኋላ እናስብበታለን ተባብለናል።