ጥያቄ አማና ነው
(በአንድ መድረሳ ለተማሪ ወላጆች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



  የተጠራችሁት ስለ ልጆቻችሁ ቂርኣት እንድነግራችሁ ነው። እሱን በመጨረሻ ለየወላጁ እነግራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከልጆቻችሁ አንዱ የጠየቀኝን ላካፍላችሁ።

ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የፓርላማ ሪፖርት በቴሌቪዥን አይቷል። በማግስቱ ሎሁን ይዞ መጣና «ኡስታዝ፣ ትናንት በፓርላማ አንዱ ሰውዬ የጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰለት ሌላ ነው። እኛ እንደዚያ ብንመልስልዎ ዝም አይሉንም። ሰውየው ለምን ደግሞ አልጠየቀም?» አለኝ።

እውነቴን ነው፣ መልስ አጣሁ። «ቂርኣትህን ቀጥል» ብዬ አሳለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እኔም ልክ እንደዚያ መልስ ሰጠሁት ማለት ነው። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ አነበብኩ። ያነበብኩትን ዛሬ ለእናንተም ለእሱም እናገራለሁ።

በመጀመሪያ መጠየቅ የማን ሥራ ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ሥልጣን ይዘረዝራል። በንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ፣ የሥራ አስፈጻሚውንም አሠራር መመርመር እንደሚችል ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በማናቸውም የአስፈጻሚው ጉዳይ ላይ መወያየትና እርምጃ መውሰድ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለዚህ ምክር ቤት ነው ይላል። ስለዚህ አንድ ተወካይ ሚኒስትርን ሲጠይቅ መድፈር አይደለም፣ ውለታም አይደለም። ሥራው ነው። ደመወዝ የሚበላበት ሥራ ነው።

ተወካዩ ታማኝነቱ ለማን ነው? አንቀጽ 54 ሦስት ነገር ይቆጥራል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው። ደጋግሜ ቆጠርኩት። ፓርቲ የሚል አራተኛ የለም። በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅና በተናገረው አስተያየት እንደማይከሰስም ያው አንቀጽ ይናገራል። ሕጉ ጀርባውን ይዞለታል።

ታዲያ ለምን ዝም ይባላል? በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ160 በላይ መቀመጫ አሸንፈው ነበር። ሁሉም ባይገቡም፣ የገቡት ሲጠይቁ አገር ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። በ2002ቱ ምርጫ ግን ከ547 መቀመጫ 545ቱን ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ወሰዱ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የግል ተወዳዳሪ ነበሩ። ሌላው ከመድረክ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ሲባል ሰምታችኋል። ያቺ አንድ የማን እንደሆነች አገር ያውቃል። እኔ የአንድም ፓርቲ አባል አይደለሁም። ነገር ግን አንድ እጅ ብቻዋን ስትነሳ ሳይ፣ የቀሩት አምስት መቶ እጆች ከየሰፈሩ ምን ተቀብለው እንደገቡ እጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ሰውየው ለምን ደግሞ አልጠየቀም? በእኛ ምክር ቤት አባላት በየተራ ይጠይቃሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በወረቀት ይይዛሉ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በረጅሙ ይመልሳሉ። ከአሥር ጥያቄ አንዱ ሾልኮ ቢቀር ማን ያስታውሳል? ጠያቂው ተቀምጧል፣ ማይኩ ጠፍቷል።

ሌላ አገር እንዴት ነው ያልን እንደሆነ፣ ሕንድን እንይ። በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት የስብሰባው የመጀመሪያ ሰዓት ለጥያቄ የተያዘ ነው። አባሉ ጥያቄውን ከቀኑ ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያስገባል። ኮከብ ምልክት የተደረገበትን ጥያቄ ሚኒስትሩ ቆሞ በቃል ይመልሳል። መልሱ ካላረካ አባሉ እዚያው ተከታይ ጥያቄ ያነሳል። ኮከብ የሌለው በጽሑፍ ይመለሳል። እንግሊዝም ዘንድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱ በተሰበሰበበት ሳምንት ረቡዕ ይጠየቃሉ፤ የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጊዜ የመጠየቅ ዕድል አለው። ለምን ስድስት ጊዜ? የመጀመሪያው መልስ መሸሻ ሊሆን ስለሚችል ይመስለኛል። እዚያም መሸሽ አለ። ግን የሸሸው ሰው ሲሸሽ ይታያል።

ይህ ነገር ለእኛ ለመድረሳ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ልጅ ሎሁን ይዞ ሲቀራ ከተሳሳተ «መልስ» እንለዋለን። ደግሞም ከተሳሳተ ደግመን እንመልሰዋለን። እስኪያስተካክል ሎሁ አይታጠብም፣ አዲስ አንቀጽም አይጻፍለትም።

ከዚያም በላይ፣ ኸውላ ቢንት ሠዕለባን አስታውሱ። ባሏ በጃሂሊያ ልማድ «እንደ እናቴ ነሽ» ብሎ አንጠለጠላት፤ ሚስትም አይደለች፣ የተፈታችም አይደለች። ጉዳይዋን ይዛ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። በመጀመሪያው መልስ አልተመለሰችም። ደግማ ተናገረች፣ ልጆቿን አነሳች፣ ለአላህም አቤት አለች። ፍርዱ ከሰማይ ወረደ፣ ሱራውም በእሷ ሙግት «አል-ሙጃደላህ» ተባለ። ባለጉዳይን ደግማ በመጠየቋ የሚቆጣ ሹም፣ ከማን ቢበልጥ ነው የሚቆጣው?

አሁን ደግሞ ወቀሳውን ወደራሳችን ላዙረው። አምና የዚህ መድረሳ ውሃ ሲቋረጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈን ነበር። «ነገ ኑ» ተባልን። ነገም «ነገ» ተባልን። ልጆቹ ለውዱእ ከየቤታቸው በጀሪካን ያመጡ ነበር። እዚሁ ግቢ ተሰብስበን ስናማርር አንዲት እናታችን «ፓርላማ የላክነው ሰው ማን ነው?» አሉ። አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን። አንዳችንም ስሙን አላወቅንም። እኔ ሃያ ዓመት የተማርኩ፣ ሌላውን የማስተምር ሰው አላወቅሁም። አፈርኩ።

«የሚጠይቅልን የለም» እንላለን። ግን ማንን «ጠይቅልን» ብለን ሰጠነው? ጥያቄ አማና ነው። ተወካዩ ተቀብሎ ከደበቀው እሱ ይጠየቅበታል። ሳንሰጠው ከቀረን ግን የተጠያቂው እኛ ነን።

የሙስሊሙ ጉዳይም ከዚህ አይወጣም። በሚያዝያ 2004 በዚያው ምክር ቤት ስለኛ ብዙ ተነገረ። እኛ በቴሌቪዥን ተመልካች ነበርን። ከዚያ ወዲህ የላክናቸው ወኪሎቻችን ታስረው ነበር። ልመና አይደለም የምንፈልገው። አንድ ተወካይ ተነስቶ እንዲህ ቢል ይበቃን ነበር፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ሳይሆን በቀበሌ እንዲካሄድ የተደረገው በየትኛው ሕግ ነው?» ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ስድብ የለውም፣ ክስ የለውም። መልሱ የአንቀጽ ቁጥር ነው፦ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ እያንዳንዳችን የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ስም እንወቅ። ሁለተኛ፣ በአንድ ወረቀት አንድ ጥያቄ ብቻ እንጻፍ። አሥር በደል በአንድ ገጽ ከታጨቀ የሚመለሰው ቀላሉ ነው። ሦስተኛ፣ ጥያቄው የየትኛው ሚኒስትር እንደሆነ እንለይ፤ የክልሉ ወይም የከተማው ከሆነም ወደዚያው ምክር ቤት እንውሰደው። አራተኛ፣ ቀን ጽፈን፣ ቅጂ አስቀርተን፣ አስፈርመን እንስጥ። የፌዴራሉ ምክር ቤት ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሠራው፤ በሐምሌ ሄደን በሩ ተዘጋ እንዳንል። አምስተኛውና ዋናው፣ ተመልሰን እንሂድ። «ጠየቁልን ወይ? ምን ተባለ?» እንበል። ከጠየቀልን፣ የየትኛውም ፓርቲ ሰው ይሁን፣ እናመስግነው። ካልጠየቀ ያው አንቀጽ 54 መራጩ እምነት ባጣበት ጊዜ አባሉ ከቦታው እንደሚነሳ ይናገራል።

ጎረቤታችን ክርስቲያኑም የሚጠጣው ውሃ ያው የኛው ነው። ስለ መብራትና ስለ ኑሮ ውድነት ስንጽፍ አብሮን ይፈርም። የእሱንም ጥያቄ አብረን እንፈርም።

«ጠይቀን ጠይቀን ምን አገኘን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ደክሞናል። ነገር ግን ያልተጠየቀ ሚኒስትር ነገ «ማንም አላነሳብኝም» ማለት ይችላል። ተጠይቆ ያልመለሰ ግን በቃለ ጉባኤ ተጽፎበታል። ልጆቻችን አድገው ያን ሲያነቡ ማን እንደጠየቀና ማን እንደሸሸ ያያሉ።

ለዚያ ልጅ አሁን መልስ አለኝ። ልጄ፣ ሰውየው ደግሞ ያልጠየቀው አሠራሩ ስላላስቻለው ነው፤ እኛም ከኋላው ስላልቆምን ነው። የመጀመሪያውን ማስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ግን ዛሬ እንጀምራለን። ወረቀትና እስክሪብቶ በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ። የውሃውን ጥያቄ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።

አላህ ጥያቄያችንን ለሐቅ የቆመ ያድርገው። አሚን።