ባትሪውን ከመጀመሪያው ቀን በደብተር እንጻፈው
(የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ካደረገችው ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በደረሰኝና በቁጠባ ደብተር ነው። ዛሬ ስለ ባትሪ ልናገር ስነሣ «ሒሳብ ሠራተኛ ከባትሪ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘኝ የራሴ ስሕተት ነው።

አምና አንዲት እህታችን ለምግብ ቤቶች እንጀራ የምታደርስበት ያገለገለ የኤሌክትሪክ ስኩተር ለመግዛት ብድር ጠየቀች። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «የአገልግሎት ዘመን» በሚለው ቦታ 5 ዓመት ብዬ ጻፍኩ፤ ባትሪውንም ከስኩተሩ ጋር አንድ ላይ ቆጠርኩት። በአራተኛው ወር ባትሪው ሞተ። ስኩተሩ ደጅ ላይ ቆመ፤ የብድሩ ክፍያ ግን አልቆመም። እህታችን እንጀራዋን በታክሲ እያመላለሰች ዕዳዋን ከፈለች። እሷ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝምና ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ የሚከተለውን ተማርኩ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር በየሰፈሩ በዝቷል። ከመካከላችንም ለስኩተርና ለባለ ሦስት እግር ብድር የጠየቁ አሉ። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንወቅ።

ባትሪን ቤታችን እንዳለው ሮቶ አስቡት። ቮልት ማለት የውኃው ግፊት ነው። አምፔር-ሰዓት ደግሞ ሮቶው የሚይዘው መጠን ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት-ሰዓት ይሆናሉ፤ መንገድ የሚያስኬደን እሱ ነው። 48 ቮልትና 20 አምፔር-ሰዓት የሚል ባትሪ 960 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ስኩተሩ በአንድ ኪሎ ሜትር 25 ዋት-ሰዓት የሚበላ ከሆነ ሻጩ «38 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላችኋል። በወረቀት ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ፍጆታው በጣም ይጨምራል። የአዲስ አበባን ዳገት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የባትሪ ዓይነቱም ይጠየቅ። አንደኛው በመኪና እንደምናውቀው የእርሳስ ባትሪ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ከባድ ነው። ከግማሽ በታች አዘውትሮ ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 38 ኪሎ ሜትር የተባለውን 19 ብላችሁ ያዙት። ባዶውን ካደረም ይጎዳል። በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ይደክማል። ሁለተኛው ሊትየም ነው። ውድ ነው፤ ግን ቀላል ነው። ተራው ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ፣ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ደግሞ በደንብ ከተያዘ 2,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሞላል።

ያገለገለ ስትገዙ ባትሪው ቆሞ ሲለካ ሙሉ መምሰሉ አያታልላችሁ። ባለ 48 ቮልቱ የእርሳስ ባትሪ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው። አንዱ ከደከመ ሁሉንም ይጎትታል። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ዕቃ ጭናችሁ ዳገት አስወጡት። የታመመው እዚያ ይታወቃል።

ስለ ቻርጀርም ልናገር። «48 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም የእርሳሱ ቻርጀር ለሊትየሙ አይሆንም፤ የሚያቆምበት ቮልት ይለያያል። የጎረቤትን ቻርጀር አትዋሱ። ያበጠ፣ የወደቀ ወይም ውኃ የገባበት የሊትየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ቻርጅ አታድርጉት። ደህናውንም ቢሆን በመውጫ በር አጠገብ፣ አልጋ ሥር ወይም ሁሉም ሰው ተኝቶ እያለ አታድርጉ። ከፀሐይ ገብቶ ሲግል ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ።

አሁን ደጋፊዎቻችንን የሚመለከት ነገር አለኝ። ለአንዲት እናታችን የኤሌክትሪክ ዊልቸር ተሰጥቷቸው ነበር። ያን ቀን ያለቀሱትን ለቅሶ አልረሳውም። እንዲህ ያለ ወንበር ብዙውን ጊዜ በሁለት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች፣ በድምሩ በ24 ቮልት ይሠራል። ሰው ባይቀመጥበትም ባትሪው ቀስ በቀስ ይወርዳልና ቻርጅ ሳይደረግ መክረም የለበትም። የእሳቸው ባትሪ ሲያልቅ መግዣ አልነበረም። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ወንበሩ ላይ ልብስ ተከምሮበት አገኘሁት። እሳቸው ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ከወጡ ወራት አልፏቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራዬ ልመለስ። ዋጋውን ለስሌት እንዲመቸን ብቻ እንውሰድ። የእርሳሱ ባትሪ 36,000 ብር ቢሆንና 18 ወር ቢያገለግል በወር 2,000 ብር ነው። በወር 25 ቀን ለሚሠራ ሰው በቀን 80 ብር ማለት ነው። ፎስፌቱ ሊትየም 90,000 ብር ቢሆንና 60 ወር ቢያገለግል በወር 1,500፣ በቀን 60 ብር ይመጣል። ውድ የተባለው ረከሰ! ችግሩ 90,000 ብሩን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ አለመኖሩ ነው። ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሦስት ነገር እንድትወስኑልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ በብድር ቅጻችን ላይ ባትሪ የራሱ መስመርና የራሱ የአገልግሎት ዘመን ይኑረው። ሁለተኛ፣ ባለ ኤሌክትሪክ አባል ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለባትሪ መተኪያ በየሳምንቱ ለብቻው ትቆጥብ፤ ያገለገለ የምትገዛም ዳገት ሳታስወጣው ብድሩ አይለቀቅላት። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ዊልቸር ስትሰጡን የሁለተኛውን ባትሪ ዋጋ ጨምራችሁ ብትሰጡን፣ ወይም በገንዘቡ ልክ የወንበሩን ቁጥር ብትቀንሱልን እንመርጣለን። ከአሥር የቆሙ ወንበሮች ስምንት የሚሄዱ ይሻሉናል።

የእናታችን ባትሪ የዚህ ቁጠባ የመጀመሪያው ወጪ ይሁን ብዬ በአጀንዳው ላይ አስይዣለሁ። እጃችሁን እንደምታወጡ ተስፋ አለኝ።