የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

 

እዚህ አጠገባችን ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲቋቋም መምህራኑ የመጡት ከግብፅ ነበር፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ሐና ሳሊብ የተባሉ ግብፃዊ ነበሩ። ቤትና መምህር ማግኘት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ከቤቱ ወጥቶ መምጣት አለበት። ይህ የገባቸው ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ፣ ልጁን ለትምህርት ያልሰጠ ወላጅ ሲሞት ሀብቱ ለልጁ ሳይሆን ለመንግሥት ይሁን የሚል ብርቱ አዋጅ አስነግረው ነበር። መቶ ዓመት አልፎም ጥያቄው አልተለወጠም፦ ልጁ ዛሬ መጥቷል? በሰዓቱስ ደርሷል?

ሒሳብ ሳስተምር፣ የክፍል ኃላፊ በሆንኩበት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ቤታቸው ከአራት ኪሎ አደባባይ ብዙ አይርቅም። ሆኖም የሚደርሰው ባንዲራ ተሰቅሎ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ዘበኛው ይመልሰዋል፤ አንደኛው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ አጥር ሥር ይቆማል፤ አንዳንድ ቀንም እንደወጣ ይቀራል። ሰነፍ ነው ተባለ። የሴሚስተሩን ካርድ ስሞላ ግን ያላሰብኩትን አየሁ። ፊዚክስ ጥሩ፣ ባዮሎጂ ጥሩ፣ ታሪክ ጥሩ፤ የወደቀው በኬሚስትሪና በእንግሊዝኛ ነው። የክፍሉን ፕሮግራም ከካርዱ አጠገብ ዘርግቼ ሳመሳክር፣ ሁለቱም በአብዛኛው የሚሰጡት ጠዋት አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ልጁን የጣለው ጠዋቱ ነበር።

ጠርቼ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ጋዜጣው ሲዘገይ እኔም እዘገያለሁ» አለኝ። አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ጋዜጣ በኪራይ የሚነበብበት ጊዜ ነው። አባቱ ሞተዋል። እናቱ እንጀራ ለደንበኞች አድርሰው እስኪመለሱ ጋዜጣውን ተቀብሎ መሬት ላይ የሚዘረጋው እሱ ነው። ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት እንደሚያመልጠው ማን ነገረኝ? በር ይዘጉበታል ያለኝ ሰው የለም» አሉኝ። በነጋታው ጋዜጣውን የሚቀበል ጎረቤት ተገኘ። በሁለተኛው ሴሚስተር ኬሚስትሪውን አቃናው። እንግሊዝኛው ግን እስከ መጨረሻው አስቸግሮታል፤ ካመለጠው ሁሉ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በር መዝጋትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዛሬም ርእሰ መምህራን ባሉበት እደግመዋለሁ። ዘግይቶ የመጣን ልጅ መንገድ ላይ ማስቀረት በመዘግየቱ ላይ መቅረትን መጨመር ነው። ይግባ፣ ይማር፣ ከዚያ ይጠየቅ። ስሙ በየክፍለ ጊዜው ይጠራ፤ ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ቤት በሦስተኛው ቀን ይደወል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ብዙው መዘግየት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ሲጀምር፣ ባዶ ሆዱን ይመጣ የነበረ ልጅ ማልዶ የሚመጣበት ምክንያት አገኘ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፒያሳና አራት ኪሎ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። በጨለማ ተነሥቶ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ የለመደው ትምህርት ቤት የሚደርስን ልጅ ሳይጠይቁ መቅጣት ግፍ ነው።

ይህን ስል ግን፣ ልጆቼ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ አድሮ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ አስረፈደኝ ለሚለው ጥብቅና መቆሜ አይደለም። እሱ ይገሠጽ! መምህሩም ከተግሣጹ አይቅር። አሥር ደቂቃ የዘገየ መምህር ከሃምሳ ተማሪ አምስት መቶ ደቂቃ ወስዷል፤ ከስምንት ሰዓት በላይ ማለት ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። ጥፋቱን ሁሉ በመቅረት ላይ አልጭንም። ሆኖም ያልተማሩትን መመለስ አይቻልም፤ እኛ ደግሞ የትምህርት ዘመኑን ከሁለት ጫፍ ስንቆርጠው ኖረናል። መስከረም «ገና ምዝገባ ነው» እየተባለ ያልፋል፤ ሰኔ «ፈተና አልቋል» ተብሎ ይባክናል።

ተመራቂዎች፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በር የሚዘጋባችሁም፣ ቤታችሁ የሚደውልም የለም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አትልቀቁ። ወላጆች፣ ቤት የቀሩትን ታናናሾች በመስከረም የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን ላኩልን። መምህራን፣ በዚያው ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ተገኝታችሁ ስማቸውን ጥሩላቸው።