ሰፈሩ ንጹሕ ይሁን፦ በአውበሬ የስደተኞች መጠለያ የቆሻሻ አወጋገድና የአጥቢያዎቻችን ድርሻ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው፤ ስለ ቆሻሻ ነው። ለቅዱስ መጽሐፍ ግን እንግዳ ጉዳይ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤል በሰፈር ሲቀመጡ ከሰፈሩ ውጭ ስፍራ እንዲለዩ፣ ከመሣሪያቸው ጋር መቆፈሪያ እንዲይዙና ከሰውነታቸው የሚወጣውን በዐፈር እንዲከድኑ ታዘዋል። ትእዛዙም ከሰፈሩ ቅድስና ጋር ተያይዞ የተሰጠ ነው። በድንኳን የሚኖር ሕዝብ ይህን ሥርዓት ከማንም ይልቅ ይሻል።

በፋፈን ዞን፣ ከጅግጅጋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በድንበር አቅራቢያ የሚገኘው የአውበሬ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የቀብሪበያህ መጠለያ ከዚያ አስቀድሞ በ1991 ተመሥርቷል፤ ሸደር ደግሞ በ2008 ተከትሏል። እነዚህ ሰፈሮች የተመሠረቱት ለጊዜው ተብሎ ነበር። አውበሬ ሲከፈት የተወለዱት ሕፃናት ግን ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። የችግሩም ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ለረጅም ዘመን ሲኖሩ የቆሻሻቸው ማረፊያ ግን ለአጭር ጊዜ የታሰበ ሆኖ ቀርቷል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላል፤ የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድም እንዲሁ። ሲሞላ ማን ይደፍነዋል? አዲሱንስ ማን ይቆፍራል? የፕሮጀክት ዘመን ሲያበቃ መልስ የሚያጣው ጥያቄ ይህ ነው።

መጠኑን በቁጥር እንመልከተው። በሰብአዊ ርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ግራም ደረቅ ቆሻሻ ይታሰባል። እንግዲህ 10,000 ሰው ያለበት ሰፈር በየቀኑ እስከ 50 ኩንታል ያወጣል ማለት ነው። ስፌር በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመዘኛ አንድ መጸዳጃ ከ20 ሰው በላይ እንዳያገለግል፣ ጉድጓዱም ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። ይህ ሥርዓት ሲጓደል ጉዳቱ በአራት መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው በጎርፍ ነው። የጉ ዝናም ወይም የከረን ዝናም ሲጥል ሜዳ ላይ የዋለው ዓይነ ምድር ወደ ፈሳሹና ወደ ብርካው ይወርዳል። ከብርካው የሚጠጣው ስደተኛው ብቻ አይደለም፤ አርብቶ አደሩም መንገደኛውም ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ መጠለያዎች ሄፓታይተስ ኢ የተባለው የጉበት በሽታ ተነሥቶ ነበር፤ ይህ በሽታ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶች እጅግ አደገኛ ነው። በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል በኩመር መጠለያ ኮሌራ ገብቶ የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ሁለተኛው በተጣሉ ዕቃዎች ነው። በቆርቆሮ፣ በአሮጌ ጎማና በተሰበረ ጀሪካን ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ የወባ ትንኝ ያራባል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲስ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀችው በዚሁ በሶማሌ ክልል፣ በቀብሪደሃር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኋላም በጅግጅጋ ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በከተማ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ስለዚህ ቆሻሻን ማንሣት ወባን መከላከል ነው።

ሦስተኛው በእንስሳት ላይ የሚደርሰው ነው። ነፋስ የበተነውን ፌስታል ፍየልና ላም ይበሉታል፤ ፌስታሉ በሆዳቸው ተቋጥሮ ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። ሀብቱ እንስሳ ለሆነ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት የምትታለብ ላም ስትሞት ባለቤቷ ጣቱን ወደ መጠለያው ይቀስራል፤ የተቀባይና የእንግዳ ፍቅርም ይሻክራል።

አራተኛው በጢስ ነው። ፕላስቲክ በሜዳ ሲቃጠል መርዛማ ጢስ ያወጣል፤ በቅርብ የሚተነፍሱትም ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ማቃጠል ቆሻሻውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ክምሩን ዝም ብሎ መተውም ምን እንደሚያስከትል በአዲስ አበባ ቆሼ አይተናል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ነፍስ ጠፍቷል።

«ይህ የመንግሥትና የታላላቅ ድርጅቶች ሥራ ነው፤ አጥቢያን ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ኃላፊነቱን ለከተማ አስተዳደሮች ሰጥቶ ነበር፤ የስደተኞች ጉዳይም የራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፉ ርዳታ በእጅጉ በመቀነሱ የሚቋረጡ አገልግሎቶች በርክተዋል። ድርጅት ይመጣል፣ ይሄዳልም፤ አጥቢያ ግን ይኖራል።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን፣ ካህናትም መገደላቸውን ማናችንም አልረሳንም። «ከዚያ በኋላ ለሌላው ቆሻሻ አካፋ እናንሣን?» የሚል ልብ ቢኖር አንፈርድበትም። መልሳችን ግን አዎን ነው። የዚያን ጊዜ ኀዘን በጎረቤት ላይ ቂም አድርገን ልናኖረው አይገባም። ሙስሊም ወገኖቻችን ንጽሕናን የእምነት ክፍል አድርገው ያያሉ፤ እኛም እንዲሁ። አብሮ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሲገናኝ የሚነጋገርበት ነገር አለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ ከራሳችን ቅጥር እንጀምር። በንግሥ ዕለት የሚመጣው ሕዝብ የውኃ ፕላስቲኩን የሚያኖርበት የተለየ ስፍራ ይኑር፤ የጠበል መቅጃውም ደጋግሞ የሚያገለግል ይሁን። የቤተ ክርስቲያን መጸዳጃ ጉድጓድ ከአፉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በዐፈር ተደፍኖ ሌላ ይቆፈር።

ሁለተኛ፣ ካህናት ዝናም ከመግባቱ በፊት ባለው ወር ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ መጸዳጃና ውኃን ከድኖ ስለ መያዝ ያስተምሩ። ሕዝቡ ከባለሙያ የሚሰማውን ከንስሓ አባቱም ሲሰማው ይጸናበታል።

ሦስተኛ፣ የሰበካ ጉባኤው ከቀበሌው፣ ከስደተኞች ኮሚቴ፣ ከሀገር ሽማግሌዎችና ከሼኾች ጋር ተቀምጦ አንድ የታጠረ የቆሻሻ ስፍራ ይምረጥ። ስፍራው ከመኖሪያ፣ ከብርካና ከጎርፍ መንገድ የራቀ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ጉድጓዱን የሚጠብቁት፣ ሲሞላም የሚደፍኑት ሰዎች አስቀድመው በስም ይታወቁ። በስብሰባውም ሴቶች ይኑሩ፤ ቤቱን የሚጠርጉት፣ ውኃውን የሚቀዱት፣ የታመመውን ሕፃን የሚያስታምሙት እነርሱ ናቸውና።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አካፋ፣ ቀንና የታመነ ሰው ይበቃዋል። ለእንግዳ የምናደርገው በጎነት ምግብና ልብስ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሳይታመም የሚያድግበትን ንጹሕ ምድር ማካፈልም ነው። እግዚአብሔር አምላክ አእምሮውን ለብዎውን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።