ተቃራኒ ነገሮችን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ክበባችን ለዚህ መንፈቅ የመረጠው አርእስት «ተቃራኒ» የሚል ነው። አርእስቱ ከተለጠፈ ወዲህ ብዙዎች «ሐሳብ ከየት እናምጣ?» እያሉ ጠይቀውናል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከተማውና እርሻው ድንበር ለድንበር የሚተያዩበት ኮዬ ፈጬ ቅርባችን ነው። አስቸጋሪው ነገር የመጀመሪያው ሐሳብ እጅግ ቶሎ መምጣቱ ነው።

እርሱም ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከፊት በሬና ገበሬ፥ ከኋላ ኮንዶሚኒየም። እስካሁን ከቀረቡልን ሥዕሎች ብዙዎቹ ይህንኑ ይመስላሉ። ሥዕሉ ያምራል፤ እኛ ግን እንጠራጠረዋለን። ገበሬውን «ትናንት»፥ ሕንፃውን «ነገ» ብሎ ይሰይማልና። ሁለቱም ግን የዛሬ ናቸው፤ ዘይትና ስኳር የሚገዙት ከአንድ ሱቅ ነው። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጅም ምናልባት የዚያው ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ከ51 ሺህ የሚበልጡ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በአዲስ አበባ ሲወጣ፥ ኮዬ ፈጬም ከሳይቶቹ አንዱ ነበርና በኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ሰልፍ ተነሣ። መሬቱ የማን ነው? የተነሣው ገበሬስ ምን አገኘ? የሚል ጥያቄ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከደመወዙ እየቀነሰ ሲቆጥብ የኖረ ተከራይ ነበረ፤ እርሱም የቤቱን ቁልፍ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። ይህን አንድ በሬ ከሕንፃ ፊት በማቆም ማሳየት አይቻልም።

ታዲያ ምን እንፈልግ? የኛ አሳብ ይህ ነው፤ ተቃርኖውን በአንዱ ነገር ውስጥ ፈልጉት። መረሬውን ተመልከቱ። በሐምሌ ጫማ ይነጥቃል፤ በጥር ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ውሃ አምቆ ስለሚይዝ ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ ሽንብራ ይዘራበታል፤ ያው ጠባዩ ደግሞ መሐንዲሱን ያስቸግረዋል፥ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራልና ለመሠረት አይመችም። አንዱን የሚመግብ፥ ሌላውን የሚያስጨንቅ አንድ አፈር! ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ፥ ካሜራውን በአንድ ከፍታ ይዛችሁ፥ በሐምሌና በጥር ብታነሡት ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማብራሪያ አይሹም።

ደግሞ ወደ ሕንፃው ግቡ። ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ አለ፤ ውሃው በጠፋ ቀን ግን ቢጫው ጀሪካን በደረጃው አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ጎረቤትነትንም አስቡት፤ ዕጣ ያገናኛቸው የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ደረጃ ይወርዳሉ፤ አንዱ ሲሞት ግን በሕንፃዎቹ መካከል ድንኳን ይተከላል፥ እድርም ይቋቋማል። ባዕድነትና ዘመድነት በአንድ ድንኳን! (ለቅሶ ቤት ካሜራ ይዞ መግባት ነውር መሆኑን ለማንም መንገር አይገባንም፤ ድንኳኑ ሳይተከል ወይም ከተነሣ በኋላ ባዶውን ቦታ ማንሣት ይቻላል።)

ስለ ዘዴው ጥቂት እንበል። ካሜራ፥ የስልኩም ቢሆን፥ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። መረሬው ክፈፉን ከሞላው አመድ መስሎ ይወጣልና ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ያህል ቀንሱ። ነጠላ የለበሰች እናት በዚያ አፈር ላይ ስትሄድ ነጩ እንዳይቃጠል መለካት ያለባችሁም ለነጠላው ነው። እንቅስቃሴና እርጋታን በአንድ ላይ ለማሳየት ካሜራውን አጽንታችሁ በሰኮንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ክፈቱት፤ ሲኖትራኩ ጭስ ይመስላል፥ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው እንደ ሐውልት ይቆማል። ከሩቅ ቆሞ በረዥም ሌንስ ማንሣት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በጭድ ክምሩና በሕንፃው መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ይጠፋና ሕንፃው በክምሩ ላይ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ይህን ያደረገ ሰው ማድረጉን ይወቀው።

በአገራችን ተቃርኖ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የታየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያነሣው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረኃቡ እውነት ነበር፥ ግብዣውም እውነት ነበር። መቀሱን የያዘው ግን ደርግ ነበር፤ ዓላማም ነበረው። ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ሦስተኛ ነገር ይናገራል፤ ለዚያም ለሦስተኛው ተጠያቂው ራሱ ነው። በክበባችን «እኛ ያየነውን ብቻ ነው ያነሣነው» ለሚሉ ጓደኞች መልሳችን ይህ ነው።

በቅርቡ ዘመን ሥዕል ተምሮ ወደ ፎቶግራፍ የተሻገረው ሚካኤል ጸጋዬ፥ አዲስ አበባ ስትፈርስና ስትሠራ ያነሣቸውን ሥዕሎች ፈልጋችሁ እንድትመለከቱ እንመክራለን። ቶሎ አይፈርዱም፤ እኛም የምንወዳቸው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የፊታችን ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ከግቢው በር እንነሣለን፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሓዩ ይበረታልና የዘገየ አይጠበቅም። በየቡድኑ ኦሮምኛ የሚናገር አንድ ጓደኛ ይኖራል። ገበሬውንም ሆነ ነዋሪውን ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚያነሣ አይኑር፤ «አይሆንም» ካሉ ምስጋና ሰጥቶ ማለፍ ነው። የተነሡትም ሰዎች ሥዕላቸው ታትሞ እንዲደርሳቸው ለወረቀቱ ከእያንዳንዱ አባል መዋጮ ይሰበሰባል፤ ገንዘብ ያዡ በምሳ ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ በር ይገኛል።