ለመሰርሰሪያ መኪና የሚሆን ባለ መንኰራኵር ቁም ሣጥን
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ በጠረጴዛ ላይ ስለምትቀመጠው ትንሽ የመሰርሰሪያ መኪና ማቆሚያ ነው። መኪናዪቱን የጋራዥ ሰዎች ትራፓኖ ወይም ድሪል ይሏታል። ማኅበራችሁ ወይም የገበሬዎች ማሠልጠኛችሁ አንዲቱን ገዝቶ ወይም ተሰጥቶት እንደ ሆነ፥ መኪናዪቱ የት እንደ ተቀመጠች እስቲ አስቡት። በአንድ ወላዋይ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከሆነች፥ ወይም በመጋዘኑ ጥግ ከማዳበሪያ ጆንያ ኋላ መሬት ላይ ከተጣለች፥ ይህ ንግግር ለእናንተ ነው።

መኪናዪቱ ለገበሬ ምን ታደርጋለች የሚል አይጠፋም። የአህያ ጋሪ ብረት በብሎን ለማሰር ቀዳዳ ያስፈልጋል። የበቆሎ መፈልፈያው እጀታ ሲወልቅ፥ የብረት ጎተራው በር ማጠፊያው ሲሰበር፥ የውኃ ፓምፑ መቀመጫ ሲላላ፥ ሁሉም የሚፈልገው ቀጥ ያለ ቀዳዳ ነው። ንብ አናቢዎች ደግሞ ይህን ይበልጥ ያውቁታል። አንድ የዛንደር ቀፎ ሣጥን 10 ፍሬም ይይዛል፤ ሽቦ ለመወጠር በእያንዳንዱ ፍሬም ግራና ቀኝ እንጨት 4፣ 4 ቀዳዳ ብትበሱ ለአንድ ሣጥን 80 ቀዳዳ ይሆናል። ይህን በጋለ ምስማር ሲበሱ መዋል ይቻላል፤ በመኪናዪቱ ግን ሥራው ከቡና በፊት ያልቃል፥ ቀዳዳውም አይጣመምም። ከሁሉ በላይ በሰኔ፥ እርሻ በሚጣደፍበት ጊዜ፥ ስለ አንድ ቀዳዳ ብሎ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው የሚያጣው የመኪና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በሬዎቹም ቆመው ይውላሉ።

እንግዲህ ችግሩ እንዲህ ነው። የጠረጴዛ መሰርሰሪያ እንደ መጠኗ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ትመዝናለች፤ ከክብደቷም የሚበልጠው ከላይ ነው፥ ሞተሩና መዘውሩ በቀጭን ምሰሶ ራስ ላይ ናቸውና። ራሷ ከእግሯ ይከብዳል። በብሎን ሳትታሰር ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠች፥ ፑንታው ላሜራ ነክሶ በያዘ ጊዜ መኪናዪቱ ራሷ ትዞራለች ወይም በሠራተኛው እግር ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ የማቆሚያው ዋና ሥራ ክብደቱን ወደ ታች ማውረድና እግሩን ማስፋት ነው። የቀረው ሁሉ፥ መሳቢያውም ቀለሙም፥ ከዚህ ቀጥሎ የሚታሰብ ነው።

ይህን በቍጥር ላሳያችሁ። መኪናዪቱ 30 ኪሎ፥ ባዶው ቁም ሣጥን 25 ኪሎ ይሁኑ። የመኪናዪቱ ክብደት ከመሬት 115 ሳንቲ ሜትር ላይ፥ የሣጥኑ ደግሞ 35 ሳንቲ ሜትር ላይ ተሰብስቧል እንበል። የሁለቱ ክብደት በአንድነት የሚሰበሰብበት ነጥብ ከመሬት 79 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አሁን በታችኛው መደርደሪያ ላይ፥ ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ከፍታ፥ 30 ኪሎ ብረታ ብረት አስቀምጡ። ነጥቡ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። አንድ ሳንቲም ሳታወጡ፥ መዶሻውንና ሰንሰለቱን በትክክለኛው ቦታ በማስቀመጥ ብቻ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አተረፋችሁ ማለት ነው። ማቆሚያውን ቁም ሣጥን የምናደርገውም ለዚህ ነው፤ መሣሪያው ባላስት ሆኖ ያገለግላል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ። መኪናዪቱን አዘውትሮ የሚሠራባት ሰው ቀጥ ብሎ ይቁምና ክንዱን ይጠፍ፤ ከክርኑ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። የሚሰረሰረው ዕቃ የሚቀመጥባት የመኪናዪቱ ገበታ ከክርኑ ዝቅ ያለች ብትሆን ይሻላል፥ ትከሻ አያደክምምና። በብዙ ሰው ቁመት የማቆሚያው ከፍታ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እኔም ልኩን በዚህ እሰጣችኋለሁ፥ እናንተ ግን እንደ ሰዋችሁ ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

ስለ እንጨቱ። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ የቤታችን ሁሉ ምሰሶ ሆኖአል፤ ለዚህም ሥራ ይበቃል። ነገር ግን እርጥቡን አትሥሩበት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፥ ይሰነጠቃል፥ ብሎኑንም ያላላል። ተሰንጥቆ፥ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ በጥላ ተደርድሮ ቢያንስ 3 ወር ይቆይ። ለጣራው ከአሮጌ በር ወይም ከአሮጌ አልጋ የተረፈ የዋንዛ ጣውላ ብታገኙ ከአዲሱ ይበልጣል፤ ዓመታት ደርቋልና። ቺፑድ ግን አልመክርም። በመጋዘን እርጥበት አብጦ ይፈርሳል፥ ብሎንም አይዝም። አጠገባችሁ ጥሩ በያጅ ያላችሁ እንደ ሆነ በአንጎላሬ ማሠራት ይቻላል፤ ሆኖም እንጨት ንዝረቱን ይውጣል፥ የመንደሩም አናጢ ሊጠግነው ይችላልና እኔ እንጨቱን እመርጣለሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። ከ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ስፋቱ 60፥ ወደ ኋላ ጥልቀቱ 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ የታች መቀመጫ ሥሩ። በላዩ ላይ አራት ቋሚዎች፥ እያንዳንዳቸው 52 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፥ 45 በ50 ሳንቲ ሜትር ሣጥን እንዲሆኑ አቁሙ። መቀመጫው ከሣጥኑ በየአቅጣጫው ወጣ ብሎ እንደሚቀር ታያላችሁ፤ ሆን ተብሎ ነው፥ መኪናዪቱን ከመውደቅ የሚያድናት ይህ ትርፍ ነው። አናጢው ለውበት ብሎ ልቍረጠው ቢላችሁ እንቢ በሉት። ሣጥኑን በኋላና በሁለቱ ጎን በጣውላ ወይም በኮምፔንሳቶ ድፈኑት፤ ክፍት የሆነ ሣጥን ወደ ጎን ይወዛወዛል። ጣራው ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ይህም ሁለት ጣውላ አንዱ ባንዱ ላይ፥ የላዩ ሐረግ የታችኛውን አቋርጦ፥ በኮላና በብሎን የተያያዘ ማለት ነው። በምስማር ብቻ የተመታ መገጣጠሚያ በንዝረት ይላላል፤ ዋና ዋናዎቹ ሁሉ በብሎን ይታሰሩ።

መኪናዪቱ በእግሯ ሰሌዳ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ከጣራው ጋር በ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ትታሰር፤ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ከሆኑ 8 ይበቃል። ከታች ሰፊ ሮንዴላ፥ በሮንዴላው ላይ ዳዶ፥ በዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ ይግባ፤ አንዱ ሌላውን ቆልፎ ይይዘዋል። ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ እንደ ገና አጥብቁ።

አሁን ወደ መንኰራኵሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በከተማ የሚሸጡት በአራቱም ማዕዘን የሚተከሉ ትንንሽ ጎማዎች ለለስላሳ ሲሚንቶ ወለል የተሠሩ ናቸው። በእኛ አፈር ወለል ላይ፥ በመጋዘኑም ደፍ ላይ ይቀረቀራሉ፤ ወደ ፊት የተገፋ ራሰ ከባድ ዕቃ ደግሞ ሥሩ ተይዞ ሲቀር ራሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ መንኰራኵሮች ከኋላ፥ ሁለት እንጨት እግሮች ከፊት አድርጉ፥ እንደ እጅ ጋሪ። የመንኰራኵሩ ቁመት 20 ሳንቲ ሜትር፥ መሽከርከሪያው 16 ሚሊ ሜትር ልሙጥ ብረት ሆኖ ከኋላው ሞራሌ ሥር ይታሰር። መንኰራኵሩ ድፍን ጎማ ወይም ብረት ይሁን። በነፋስ የሚሞላው ጎማ ለጋሪ ጥሩ ነው፥ ለዚህ ግን አይሆንም፤ አንዱ ነፋስ በቀነሰ ቍጥር መኪናዪቱ ታዘማለች፥ በምትሠሩበትም ጊዜ ትንጠባጠባለች። የፊት እግሮቹ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ጣራው በውኃ ልክ እስኪስተካከል ድረስ ጥቂት በጥቂት ቍረጡአቸው። ሥራ ሲጀመር በሁለቱም መንኰራኵር ፊትና ኋላ ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቆቹን በገመድ ከሣጥኑ ጋር እሰሩአቸው፤ ያልታሰረ ሽብልቅ ከሁለት ቀን በላይ ሲኖር አላየሁም።

ለማንሣት በሣጥኑ ግራና ቀኝ፥ ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ላይ፥ ሁለት ሁለት የብረት ቀለበት አስገቡና 120 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች እንደ ቃሬዛ ሰክታችሁ ከፊት አንሡ። መላው ክብደት 85 ኪሎ ቢሆን በእጃችሁ ላይ የሚያርፈው 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን መንኰራኵሩ ይሸከመዋል። ከግማሽ ስንዝር በላይ ከፍ አታድርጉት። ሁለተኛ ሰው ከጎን ሆኖ ምሰሶዋን ይያዝ፤ ከኋላዋ ግን ማንም አይቁም። ሥራ ሲሆን አጣናዎቹ ይወጣሉ፥ አለዚያ ሠራተኛው ይሰናከልባቸዋል። ከመነቃነቋ በፊት ሶኬቱ መነቀሉን አትርሱ።

የሣጥኑ ውስጥ በሦስት ይከፈል። የታችኛው ባለ በር መደርደሪያ ለከባድ ዕቃ ነው፤ መሳቢያ አታድርጉት፥ ከባድ መሳቢያ ሲሳብ ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ይዞ ይመጣልና። መካከለኛው መሳቢያ ለሞርሳና ለማሰሪያ፥ የላይኛው፥ ጥልቀቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነው፥ ለፑንታ ይሁን። በአንድ ግንድ ቍራጭ ላይ ከ3 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስታችሁ እያንዳንዱን ፑንታ በቤቱ አግቡት፤ ባዶ ቤት የታየ እንደ ሆነ ማን እንደ ወሰደው በዚያው ቀን ይጠየቃል። የፑንታ ማጥበቂያዋን ቁልፍ ደግሞ በአጭር ሲባጎ ከኤሌክትሪክ ገመዱ ራስ፥ ከሶኬቱ አጠገብ እሰሩአት። ሶኬቱ ካልተነቀለ ቁልፏ ወደ ፑንታው አትደርስም፤ ስለዚህ ተረስታ ተወርውራ የሰው ዐይን አታጠፋም። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። አንዱ ቁልፍ ያዥ ገበያ በዋለ ቍጥር መኪናዪቱም አብራ ገበያ የዋለች ያህል ነው።

አሁን የምነግራችሁን ከብት ያላችሁ ሁሉ ልብ ብላችሁ ስሙ። ብረት ሲሰረሰር እንደ ምላጭ የተሳለ ጥቅልል ፍርፋሪ ይወጣል። ላምና በሬ መኖን በምላሳቸው ጠቅልለው ብዙም ሳያላምጡ ይውጣሉ፤ ሽቦና ስባሪ ብረት ከገለባ ለይተው አይተፉም። የተዋጠው ብረት ከአራቱ የጨጓራ ክፍሎች በሁለተኛው ውስጥ ይቀራል። ያ ክፍል ከልብ የሚለየው በስስ ግድግዳ ነው፤ ሹል ብረት ጨጓራውን ከወጋ በኋላ እስከ ልብ ሊደርስ ይችላል። በሬው መብላት ይተዋል፥ ጀርባውን ያጐብጣል፥ ቁልቁለት መውረድ ይፈራል፤ ላም ብትሆን ወተቷ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አንድ ጥማድ ብቻ ላለው ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተ ከእኔ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በጣራው ዙሪያ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ምቱበት፥ ፍርፋሪው መሬት እንዳይወርድ። በመጨረሻ በብሩሽ ተጠርጎ በቆርቆሮ ይጠራቀም፤ መሬቱም ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ይዳሰስ። ገለባ ባለበት፥ እህልም በተከመረበት አጠገብ ፈጽሞ አትሰርስሩ። መኪናዪቱ በመንኰራኵር የምትሄደው አንድም ለዚህ ነው።

ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ዩሪያና ሌላውም ማዳበሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል፥ ብናኙም ብረትን ያዝጋል። ማዳበሪያ ሲገባ መኪናዪቱ ከመጋዘን ትውጣ፤ ለዚያውም ከበር አጠገብ ብርሃን አለ። ምሰሶዋ በየጊዜው ዘይት በነካ ጨርቅ ይወልወል።

ጋቢና ነጠላ ለብሶ ወደ መኪናዪቱ የሚጠጋ አይኑር፤ የሚዞር ፑንታ ጫፉን ከያዘ ሰውየውን ይስበዋል። የእጅ ጓንትም በዚህ ሥራ ላይ ያው ነው። ሴቶች ጸጉራችሁን ጠቅልላችሁ እሰሩ። ላሜራ በእጅ ተይዞ አይሰረሰር፤ ፑንታው ሊወጣ ሲል ይነክሰውና እንደ ማጭድ ያዞረዋል። በሞርሳ ወይም በብሎን ይታሰር። መነጽር ይደረግ። ወፍራም ፑንታ ለብረት ዝግ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል፤ 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ በተራ ብረት ላይ በደቂቃ ከ800 ዙር ባይበልጥ መልካም ነው፥ ቺንጋውንም የምታዛውሩት ሶኬቱ ተነቅሎ ነው።

ቁም ሣጥኑ ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ፥ መኪናዪቱም ታስራ ሽብልቁ ከገባ በኋላ፥ ሶኬቱን ሳትሰኩ የመኪናዪቱን ራስ በእጃችሁ ከግራ፥ ከቀኝ፥ ከፊትም ከኋላም በደንብ ግፉት። ይህን ስታደርጉ ሌላ ሰው ከወዲያ ማዶ ቆሞ ለመደገፍ ይዘጋጅ። አንዱ እግር ወይም አንዱ መንኰራኵር ከመሬት የተነሣ እንደ ሆነ በታችኛው መደርደሪያ ድንጋይ ጨምሩና እንደ ገና ግፉት።