የሐጅ ጉዞ ወጪና ደንብ፤ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር ሲታይ



የሐጅ ጉዞ ለሙስሊሙ ምእመን ሃይማኖታዊ ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጉዞው የመጓጓዣ፣ የመጠለያ፣ የውጭ ምንዛሪና የአስተዳደር ጉዳይም ስለሆነ፣ የሒሳብና የምሕንድስና ሙያ ያለው ሰው ሊመረምረው የሚገባ ገጽታ አለው። በእስልምና ሥርዓት ሐጅ ግዴታ የሚሆነው አቅም ባለው ሰው ላይ ብቻ ነው። አቅም ሲባልም ጤና፣ የመንገድ ደኅንነት፣ እንዲሁም ዕዳ ተከፍሎና ለቤተሰብ የሚበቃ ቀለብ ተቀምጦ የሚተርፍ ገንዘብ ማለት ነው። እንግዲህ በቢቸና ወይም በሞጣ ለሚኖር ሸማኔ ወይም ነጋዴ ይህን አቅም የሚወስነው ምንድን ነው?

በ19ኛው መቶ ዘመን የጎጃም ሙስሊም ነጋዴዎች ከባሶ ገበያ ተነሥተው በጎንደርና በዐድዋ በኩል እስከ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። ከምጽዋ በመርከብ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ሰው ጅዳ ይደርሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ወራሪው መንግሥት የሙስሊሙን ድጋፍ ለማግኘት ሲል የሐጅ ተጓዦችን በገንዘብ ይረዳ ነበር። በዚያ ዘመን ትልቁ ወጪ ጊዜና ድካም ነበር፤ ዛሬ ግን በረራው የሰዓታት ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ ገንዘብና ወደ ሰነድ ተዛውሯል።

የሰነዱ ጉዳይ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የሚና ሸለቆ ጠባብ ነው። በ1982 ዓ.ም. በመሿለኪያ ውስጥ በደረሰው መጨናነቅ 1,426 ሰዎች ሞቱ። በ1989 ዓ.ም. በድንኳኖች ላይ የተነሣው እሳት 343 ሰዎችን ከፈጀ በኋላ፣ እሳት የማይበላቸው ድንኳኖች ተተከሉ። ከአንድ ሚሊዮን ሙስሊም ሕዝብ 1,000 ሰው እንዲጓዝ የሚለው የኮታ ደንብም በ1980 ዓ.ም. በእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ጸድቆ በሥራ ላይ ውሏል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ 1,301 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህ ውስጥ 83 በመቶው ፈቃድ ያልያዙ እንደነበሩ የሳዑዲ መንግሥት ገልጿል። ፈቃድ የሌለው ሰው ድንኳንም፣ አውቶቡስም፣ ጥላም የለውም። ስለዚህ በርካሽ ዋጋ አደርሳለሁ የሚል ደላላ የሚሸጠው ይህንኑ አደጋ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፣ የሳዑዲ ሪያል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ የተተመነ ነው። ለምሳሌ 7,500 ሪያል የሚጠይቅ አገልግሎት 2,000 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ሒሳቡ 114,000 ብር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው አገልግሎት ከ200,000 ብር በላይ ሆነ። ድንኳኑ አልሰፋም፤ ምግቡም አልጨመረም። ለአሥር ዓመት ብር በብር ላይ ያጠራቀመ አንድ ሽማግሌ ግን ከደጃፉ ተመለሰ ማለት ነው።

በቢቸናና በሞጣ ላይ ሌላም ሸክም አለ። ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የዐባይን በረሃ ማቋረጥ አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን አጠራጣሪ አድርጎታል። ጥሪቱን በሸቀጥ የሚያስቀምጥ ነጋዴም ዋስትና የለውም፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን ጠፍቷል።

በዚህ ረገድ የማሌዢያ ልምድ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር ገበሬዎች ለሐጅ ሲሉ መሬታቸውንና ከብታቸውን ሸጠው፣ ሲመለሱ ይደኸዩ ነበር። ኡንጉ አዚዝ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረቡት ሐሳብ መነሻነት፣ በ1963 የሐጅ ቁጠባ ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ ትንንሽ ቁጠባዎችን ሰብስቦ ከወለድ ነጻ በሆነ ሥራ ላይ ያውላል፤ ትርፉንም ለቆጣቢዎች ያካፍላል። በአገራችንም ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ስለጀመረ፣ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር መሠረቱ አለ።

የኢትዮጵያን የሐጅ ጉዞ የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱም ኃላፊነቱን ያጎላዋል። ስለሆነም ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ የአውሮፕላኑ፣ የማደሪያው፣ የድንኳኑና የአስተዳደሩ ወጪ ተዘርዝሮ፣ የተሰላበትም ምንዛሪ ተጽፎ በየዓመቱ ይታተም። ሁለተኛ፣ ምዝገባውና ክፍያው ተጓዡ በሚኖርበት ከተማ ይፈጸም፤ ቀነ ገደቡም አስቀድሞ ይነገር። ሦስተኛ፣ ዋጋው ከመናሩ በፊት የሚጀመር የረጅም ጊዜ ቁጠባ ይደራጅ።

ማንኛውም መሐንዲስ ለድልድይ የሚወጣውን ገንዘብ በዝርዝር ሳያቀርብ ግንባታ አይጀምርም። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ለሚያስረክብ የቢቸና ሸማኔም ከዚህ ያነሰ ዝርዝር ሊቀርብለት አይገባም።